ያወጣኸውን ታበላለህ

ባለቤቴ ሜቪስ የክሪኬት ዱላ በእጇ ይዛ አታውቅም። ኳሱንም አትወደውም ነበር። «ድንጋይ ቀይ ቆዳ አልብሰው ለልጅ ይሰጡትና ጨዋታ ነው ይላሉ» ትላለች። እንዲህ ያለች ሴት የሄዘርቢ መንደር ክሪኬት ክለብ የልጆች ቡድን ኃላፊ የሆነችው በሳንድዊች በኩል ነው።

ዕድሜዋን ሙሉ ለትምህርት ቤት ልጆች ምሳ ስታበስል ኖራ ጡረታ ወጣች። ቤት መቀመጥ ግን አልሆነላትም። በመጀመሪያው ሳምንት የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ እንደገና ደረደረችው። ቀጥላ በመስኮት በኩል የእኔን የመሣሪያ ክፍል ታይ ጀመር። እኔ ያን ጊዜም እንደዛሬው የክለቡን ሣር አጭድ ነበር። ክፍሌን ለማዳን ስል አንድ ቅዳሜ ምሳዬን ቤት ረሳሁት፤ ማለቴ፣ ሆን ብዬ ትቼው ወጣሁ። ይዛልኝ መጣች።

ልጆቹ ጨዋታ ጨርሰው ነበር። የእኛዎቹ ከመጋዘኑ ኋላ ተቀምጠው ቺፕስ ከላስቲኩ እየዘገኑ ይበላሉ። እንግዶቹ ደግሞ በመኪና ማቆሚያው አጥር ላይ ተደርድረው የራሳቸውን ቺፕስ ይበላሉ። አንዱ ወገን ወደ ሌላው ቀና ብሎ አያይም።

«እነዚህ ልጆች ተጣልተዋል እንዴ?» አለችኝ።

«የለም። ተጫውተዋል።»

«ታዲያ ለምን አይነጋገሩም?»

 ምሳዬን አስጨበጠችኝና ወደ ክለቡ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያ ወጥ ቤት አልወጣችም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ ሻይ አፈላች፤ ቀጥላ ሳንድዊች ቆረጠች፤ ከዚያ ሳንድዊች ለሚፈልግ ልጅ ሕግ አወጣች። የልጆቹ ኃላፊ የነበረው ሰውዬ ወገቡን አሞት ሲተው፣ ልጆቹ ሁሉ ቀድሞም የሚሰሙት እሷን ስለነበር፣ ማንም ሳይሾማት ተሾመች።

ከሕጎቿ ዋናው ይህ ነበር፦ ያወጣኸውን ታበላለህ።

በክሪኬት አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። ወርዋሪው ከመቺው ኋላ የቆሙትን ሦስት እንጨቶች በኳሱ ከመታ፣ መቺው ከጨዋታ ወጣ። የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበም እንደዚያው። በሌላው መንደር ነገሩ በዚህ ያበቃል። በሄዘርቢ ግን ጨዋታው ሲያልቅ፣ ያወጣው ልጅ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዶ ሰሐን ይቀበላል፣ ሻይ ይቀዳል፣ የወጣውን ልጅ «ስንት ስኳር?» ብሎ ይጠይቃል፣ ያቀርብለታል፤ ከዚያም ሰሐኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አጠገቡ ይቀመጣል። ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ግን በአፉ ከረሜላ ያልያዘ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከእኩያው አጠገብ እስከ መቼ ዝም ይላል?

ሌሎች ሕጎችም ነበሩ። ዳኛ ላይ ያጉረመረመ ልጅ ለዳኛው ሻይ ይወስዳል፣ ስለ ጤናውም ይጠይቀዋል። የእኛ ዳኛ ሚስተር ኢንግልቢ የቀድሞ ፖስተኛ ነው። ስለ ጉልበቱ ከተጠየቀ ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ያጉረመረመ ልጅ ሁለተኛ ሲያጉረመርም ያስብበታል። ከሜዳው ዳር ካለው ገመድ ውጭ ቆሞ የሚጮህ ወላጅ ሲኒ ያጥባል። ልጅን አስቦ በኳስ መምታት ነውር ነው። የተጎዳ ካለ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሁሉም ወደሱ ይሄዳል፤ ወርዋሪው ቀድሞ። እና ደግሞ ሄልሜት ያልደፋ ልጅ፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ለመምታት ወደ ሜዳ አይገባም። በዚህ በመጨረሻው ላይ ሜቪስ ሳቅ አታውቅም ነበር።

የክለቡ ሊቀመንበር ጎርደን ሜትካፍ ነገሩ አልተመቸውም። ጎርደን ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋንጫ የሚወድ ሰው ነው። የክለቡ የዋንጫ መደርደሪያ ደግሞ ባዶ ስለሆነ የማጸዳው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሜቪስ፣ ልጆቹን የሻይ አሳላፊ አደረግሻቸው እኮ» አላት አንድ ቀን። «ሊፈራን የሚገባው ቡድን ኬክ ፍለጋ ይመጣል!»

«መምጣቱ ነው ቁም ነገሩ» አለችው።

ጎርደን ግን እውነቱን ነው። የሎሚ ኬኳ ስሙ በሸለቆው ሁሉ ደርሶ ነበር። አንዴ ከታችኛው መንደር የመጣ ልጅ ዱላውን ይዞ ሲገባ ወርዋሪያችንን፣ «ዛሬ የምታወጪኝ አንቺ ነሽ? ከጫፉ በኩል አምጪልኝ፣ ስኳሩ የበዛበት እሱ ነው» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወርዋሪያችን ቴሳ ነበረች። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ጠጉሯ እንደ በግ ጠጉር የበዛ፣ እግሯ ረጅም፣ ምላሷ ከእግሯ የሚረዝም። ኳስ ስትወረውር ከወንዶቹም የሚበልጣት የለም። በመጣችበት ዓመት ዳኛውን «ዓይንዎ የት ነው?» ብላ ጮኸችበትና ያን በጋ ለሚስተር ኢንግልቢ ሻይ ስትወስድ ከረመች። ስለ ጉልበቱ ከሐኪሙ ይልቅ እሷ ታውቃለች ይባላል። በኋላ ግን ሻዩን ሳትታዘዝ ትወስድለት ጀመር። ሜቪስ ይህን አይታ አምበል አደረገቻት።

ሜቪስ ባለፈው ጥር ዐረፈች። መሬቱ በውርጭ ጠጥሮ ነበር። ዘንድሮ ሳንድዊቹን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ቅቤ ታበዛለህ ይሉኛል። ቴሳም አድጋ ለአዋቂዎቹ ትጫወታለች፤ መጥታ ዳቦውን ትቆርጥልኛለች። የማወራው ግን ቴሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበረችበት በጋ ነው።

በዚያ በጋ ጎርደን ከከተማ አንድ ወጣት አሠልጣኝ አገኘ። ልጁ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ምልክቶች ሜዳ ላይ እየደረደረ ያሠለጥናል። ጎርደን ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት መጥቶ ክርኑን ደገፍ አደረገ።

«በዋንጫው የስካርዴልን ቡድን ካሸነፋችሁ እንዳለ ይቀጥላል፣ ሜቪስ። ቃሌ ነው። ከተሸነፋችሁ ግን ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ልጆቹን ባለፊሽካው ይረከባል። አንቺ ወጥ ቤቱን ትይዣለሽ።»

«ወጥ ቤቱንማ ማን ይቀማኛል» አለችው፤ ሲኒ ማድረቋንም አላቋረጠች።

ማታ ቤት ድንች ስትልጥ አየኋት። ልጣጩ ከድንቹ ይወፍር ነበር። 

ችግሩ፣ ጎርደን ይህን ሲናገር ቴሳ ከውስጥ ቆማ ማንኪያ ትደረድር ነበር። ቴሳ የሰማችውን ነገር ሳታዳርስ አታድርም። በማግስቱ ልጆቹ ሁሉ፣ ወላጆቹ ሁሉ፣ ሥጋ ሻጩም ጭምር ያውቁ ነበር፦ ከተሸነፉ ልጆቹ «አክስቴ» የሚሏት ሜቪስ የለችም።

የጨዋታው ቀን ቴሳ ቡድኗን ከመጋዘኑ ኋላ ሰበሰበች።

«ዛሬ እንቀብራቸዋለን!»

«መቅበር የለም» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤቱ መስኮት መጣ። «ማሸነፍ ይቻላል። ቴሳ፣ የጫማሽን ክር እሰሪ።»

መጀመሪያ የመቱት የእኛዎቹ ነበሩ፤ ደህና ነጥብ አስቆጠሩ። ቀጥሎ ስካርዴሎች ገቡ። ቴሳና ጓደኞቿ አንድ በአንድ አስወጧቸው። የስካርዴል አምበል ግን በየደቂቃው ወደ መንገዱ ያይ ነበር። ዋናው መቺያቸው ኦወን አልመጣም። የኦወን አባት ዴሪክ ገበሬ ነው፤ ደመና ሳይመጣ ድርቆሹን ለመሰብሰብ ልጁን ይዞት ቀርቷል። ስምንተኛው ልጅ ሲወጣ አሥራ ሁለት ነጥብ ይቀራቸው ነበር፤ ኦወን ካልደረሰ ያለቻቸው ትንሿ ፖፒ ብቻ ናት። ፖፒ የእግር መከለያዋ እስከ ወገቧ የሚደርስ ልጅ ናት። ጎርደን ወንበሩ ላይ እጁን ማፋተግ ጀምሮ ነበር።

ያን ጊዜ የዴሪክ መኪና አቧራ እያስነሳች ደረሰች። ኦወን ዘሎ ወረደ፤ ጠጉሩ ላይ ድርቆሽ ተሰክቶበታል። ሄልሜቱን ከጭነቱ ሥር ጎትቶ ሲያወጣው ግን የፊት ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጎኑ ተጨምድዶ፣ የተረገጠ ቅርጫት መስሏል። አባትየው የድርቆሽ እስር ጭኖበት ነበር የመጣው።

«በዚህስ አይሆንም» አለ ሚስተር ኢንግልቢ።

ጓደኞቹ የራሳቸውን አመጡለት። ኦወን ደግ ልጅ ነው፣ ብርቱ ልጅ ነው፤ ራሱ ግን ትልቅ ነው። የጓደኞቹ ሄልሜት በራሱ ላይ ሲቀመጥ ድስት ላይ የተደፋ ሲኒ ይመስላል። አንዱም ወደ ታች አልወርድ አለ።

«ተዉት፣ ያለሱ ይግባ!» ብሎ ዴሪክ ከገመዱ ውጭ ጮኸ። «በእኛ ጊዜ ሄልሜት የሚባል ነገር አልነበረም!»

ሜቪስ ሽርጧን እንዳገለደመች፣ የክለባችንን የሄልሜት ከረጢት በትከሻዋ ይዛ ገመዱን ተሻገረች። ጨዋታ ሳያልቅ ገመድ የሚሻገር ሰው በሄዘርቢ ታይቶ አይታወቅም። አዛውንቶቹ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዴሪክ፣ በእናንተ ጊዜ ምን እንዳልነበረ አውቃለሁ» አለችው እየሄደች። «የፊት ጥርሶችህ የቀሩበትን ቦታ ባለቤቴ ዛሬም እየዞረ ነው የሚያጭደው። ለጩኸቱም ሲኒ ይጠብቅሃል።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ዴሪክ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ።

ከረጢቱን ዘርግፋ አንድ በአንድ ታስሞክረው ጀመር። ከእኛ ልጆች አንዱ፣ «ራስ ነው ወይስ ዱባ?» አለ በሹክሹክታ።

«ይህን ያለ ልጅ ዛሬ የማንን ሻይ እንደሚያቀርብ ያውቃል» አለች ሳትዞር። ሹክሹክታው ቆመ።

ከረጢቱ አለቀ፤ የሚሆን አልተገኘም። የቀረ አንድ ሄልሜት ብቻ ነበር። እሱም በቴሳ የግል ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሰማያዊ፣ ለልደቷ የተገዛላት፣ ያንን ሁሉ ጠጉር እንዲይዝ ተብሎ ከአዋቂ ልክ የተመረጠ። ይህን የሚያውቁት ቴሳና ሜቪስ ናቸው፤ ጎርደንም ያውቃል፣ የተገዛላት ክለቡ ዕቃ በሚያዝበት ሱቅ በኩል ስለሆነ። ብድግ ብሎ እስከ ገመዱ መጣ።

«ሜቪስ! ሕጉ ግልጽ ነው! ልኩ የሆነ ሄልሜት የሌለው አይመታም። ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ይብቃ፣ ነይ ውጪ! ከራስ በላይ ነፋስ ነው!»

«ሕጉ ልጁን ከኳስ እንዲጠብቅ ነው፣ ጎርደን። እኛን ከልጁ እንዲጠብቅ አይደለም።»



ቴሳ ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረች መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«አክስቴ ሜቪስ…» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኦወን ከገባ ያሸንፉናል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ከተሸነፍን ደግሞ ባለፊሽካው…»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ሄልሜቱ ያንቺ ነው። ከቦርሳሽ አልወስደውም፤ አልሰጥም ብትይም አልቀየምሽም። ያለ ሄልሜት ግን አላስገባውም። እኔ የምልሽ ይኸን ብቻ ነው።»

ይህን ብላ የተዘረገፉትን ሄልሜቶች ወደ ከረጢቱ ትመልስ ጀመር። 

ቴሳ ወደ ሰማይ አየች። ወደ ጎርደን አየች። ከዚያ እግሯን እየጎተተች ወደ አግዳሚው ሄዳ ቦርሳዋን ከፈተች። ስትመለስ ሄልሜቱን ኦወን ደረት ላይ ለጠፈችበት።

«የምወረውረው እኔ፣ ሄልሜቱም የኔ! እንዲህ ያለ ጉድ አይታችኋል?» አለች። «ካቆሸሽከው ታጥበዋለህ።»

«የምትወረውሪው ካልነካው በምን ይቆሽሻል?» አለ ኦወን። ደፋው። ልክክ አለ።

የእኛ ልጆች እንደ ወጉ እያጨበጨቡ አስገቡት። ቴሳም አጨበጨበች፤ ሰው እንደምትመታ አድርጋ ቢሆንም።

ኦወን የመጀመሪያውን ኳስ ሰማይ ለሰማይ ላከው፤ መሬት ነጥሮ ገመዱን ነካ፤ አራት ነጥብ። ሁለተኛውን ደግሞ መሬት ለመሬት እንደ አይጥ አስሮጠው፤ እሱም አራት። አራት ብቻ ቀረ። «ሄልሜትሽ መልካም ዕድል አለው!» ብሎ ጮኸላት። ስካርዴሎች ሳቁ። ቴሳ ጥርሷን ነከሰች፤ ከሩቅ ተነሥታ ሮጣ መጣች፤ ኳሱንም በንዴት መሬቱ ላይ ከመቺው ራቅ አድርጋ አነጠረችው።

እንዲህ የነጠረ ኳስ ወደ ላይ ይመጣል። መጣና የኦወንን ራስ በጆሮ ግንዱ በኩል አገኘው። ድምፁ በር በነፋስ እንደተዘጋ ያለ ነበር። ኦወን በቂጡ ቁጭ አለ።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ቴሳ ናት።

«ኦወን! ኦወን፣ ይቅርታ! ይቅርታ አድርግልኝ!»

«ነጥብ አገኘሁ?» አለ ኦወን።

ሜቪስ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት እጆቿን በትከሻዎቹ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። «አታስነሱት። እኔን እየኝ። ስምህ ማነው?»

«ኦወን።»

«ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

«ድርቆሽ።»

«አባትህ ከፊት ስንት ጥርስ አለው?»

ኦወን ፈገግ አለ። «ከፊት? ምንም።»

«ጥሩ። ቀስ ብለህ ተነሥ። ወጥተህ ከጎኔ ትቀመጣለህ።»

«ደህና ነኝ እኮ! አራት ነጥብ ነው የቀረን!»

«ራሱን የተመታ ልጅ የዚያን ቀን አይጫወትም። የኔም ልጅ ቢሆን፣ የንጉሥም ልጅ ቢሆን።»

ኦወን ወደ አባቱ ዞረ። ዴሪክ ከገመዱ እስከዚያ ድረስ በከባድ ቦት ጫማው ሮጦ ደርሶ ነበር። ሄልሜቱን አንሥቶ አገላበጠው። በጆሮ ግንዱ በኩል ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነበረበት። ስንጥቁን አየ፤ የልጁን ጆሮ ግንድ አየ።

«ያለችህን አድርግ» አለ። ከዚያ ቀን በፊት ዴሪክ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ሄልሜቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጎርደን ጋ ደረሰ። ጎርደን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አደረገውና አውራ ጣቱን በስንጥቁ ላይ አመላለሰ። ጨዋታው ሲቀጥል እንኳ ቀና አላለም።

በኦወን ቦታ ፖፒ ገባች። ዱላውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈች መጣችና ቆመች። ቴሳ ኳሱን በሱሪዋ አሸችው፤ መልሳ አሸችው። ከዚያ ለትንሽ እህቷ እንደምትወረውር አድርጋ ቀስ ብላ ላከችው። ፖፒ ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነችና ዱላውን አወናጨፈች። ኳሱ የዱላውን ጠርዝ ነክቶ ወደ ኋላ ተንከባለለ፤ አግዳሚው ላይ ወደተቀመጠው ኦወን ያዩ በነበሩት በሁለቱ ልጆቻችን መሐል አልፎ ገመዱን ነካ።

ፖፒ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ወጣሁ?» አለች።

«አሸነፍሽ፣ የኔ ቆንጆ» አላት ሚስተር ኢንግልቢ።

እጅ ተጨባበጡ፤ ቆባቸውን አውልቀው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ እንደተማሩት። ቴሳ እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ ጨበጠች። ፖፒንም «ጥሩ ምት ነው» አለቻት። ከንፈሯ ብቻ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ግን ክርክር ተነሣ።

«ኦወንን ማን ያበላዋል? አልወጣም እኮ!»

«ተመቶ ነው የወጣው።»

«እሱ መውጣት አይባልም! ያልወጣ ሰው ሰሐን አይቀርብለትም።»

«እና ይራብ?»

ሁሉም ወደ ሜቪስ ዞሩ። ቢላዋዋን አየር ላይ አድርጋ አሰበች፤ ለዚህ ሕግ አላወጣችም ነበር። አፏን ከመክፈቷ በፊት ቴሳ በልጆቹ መሐል ሰንጥቃ መጥታ ሰሐኑን ከመስኮቱ አነሣች።

«የኔ ነው» አለች።

ሜቪስ የስኳሩን ዕቃ ገፋ አደረገችላት።

ኦወን ግንባሩ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጎ ተቀምጧል። ቴሳ ሰሐኑን ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ስንት ስኳር?»

«ሦስት። ራሴን ስለተመታሁ አራት።»

«ሄልሜቴን ሰነጠቅከው።»

«የሰነጠቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ ውስጡ ነበርኩ እንጂ።»

ቴሳ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተበላሸና በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች።

«ምን ሆንሽ?» አላት ደንግጦ።

«ምንም። ሽንኩርቱ ነው።»

«የእንቁላል ሳንድዊች ነው እኮ።»

«ብላ፣ ዝም በል።»

በላ። ቴሳ ሰሐኑ ባዶ እስኪሆን አጠገቡ ተቀመጠች፤ ባዶ ከሆነ በኋላም አልተነሣችም።

ሜቪስ ዴሪክን ፈልጋ መኪናው ጋ አገኘችው። «ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ነገ አይደለም።»

«ድርቆሹ መሬት ላይ ነው፣ ሜቪስ፤ ደመናውን አታይም?»

«ድርቆሽ ቢረጥብ መልሶ ይደርቃል።»

ዴሪክ ደመናውን አየ። ከዚያ ለልጁ በሩን ከፈተለት። «ሲኒዎቹስ?» አላት ሞተሩን እያስነሣ።

«ሲኒዎቹ ይጠብቁሃል።»

በማግስቱ ደወለ። ልጁ ደህና ነው፤ ድርቆሹ ግን ረጥቧል።

ሁሉም ሲሄድ የቆሸሹት ሲኒዎች ተከምረው ቀሩ። እኔ የሜዳውን ገመድ ጠቅልዬ ስገባ ጎርደን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ሄልሜቱን በብብቱ ይዟል። ቴሳ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ማንኪያ ትደረድራለች፤ ጆሮዋ ግን ወደ በሩ ነው። ጎርደን ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኮቱን አወለቀ። እጅጌውን ሰበሰበ።

«እኔም ከገመዱ ጮኼ ነበር» አለ። «ፎጣው የት ነው?»

«ከበሩ ኋላ።»

 ጎርደን ሲኒ አጥቦ አያውቅም፤ ውጭውን ብቻ ነበር የሚያጥበው። ሜቪስ ያጠበውን ቀስ ብላ መልሳ ታጥባለች።

«ለሚመጣው ዓመት» አለ ጎርደን ወደ ውኃው እያየ፣ «ትልቅ ራስ የሚይዝ ሄልሜት ያስፈልገናል። የቴሳንም እንተካለን።»

«ባለፊሽካው ይግዛዋ።»

«ባለፊሽካው የልጆቹን ራስ ልክ የት ያውቃል?»

ሜቪስ አንድ ሲኒ አደረቀች። ገልብጣ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው እኔ እገዛዋለሁ» አለች።

ከጥግ የማንኪያ ክምር መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ፤ በሩም ተበረገደ። ቴሳ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጣ፣ አጥሩን ዘልላ፣ ወደ መንደሩ ስትሮጥ በመስኮቱ አየናት። ሥጋ ሻጩ ሳይዘጋ እንደምትደርስ አልተጠራጠርንም።

ወደ ቤት የሄድነው በእግራችን ነው። ሜቪስ ባዶውን የኬክ ጣሳ ይዛለች። ድልድዩ ጋ ደረስን።

«ተሸነፍን» አለች።

«አዎ።»

«በፖፒ።»

«በፖፒ።»

«ዓይኗን ጨፍና!» አለችና ሳቅ ያዛት። የድልድዩን ግንብ ተደገፈች፤ ጣሳው በእጇ ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ልታቆመው ብትሞክር ባሰባት።

«እባክህ ያዝልኝ» አለችኝ፤ «እየሳቁ የሚይዙት አይደለም።»

ተቀበልኳት። ቤት እስክንደርስ ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።